የኮንቴይነር ምዝግብ አላላክ፦ ለነባሪ ቅንብር የማይተው ውሳኔ

በአቃቂ በሰቃና በቃሊቲ ኮንቴይነር የሚለው ቃል ሲነሳ ለአብዛኛው ነዋሪ ቀድሞ የሚታየው ከጅቡቲ መንገድ የመጣ፣ በተሳቢ ላይ የተጫነ የብረት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ብቻውን አይጓዝም፤ ምን እንደያዘ፣ ከየት እንደተነሳና መቼ እንደታሸገ የሚናገር ሰነድ አብሮት አለ። ሰነዱ ከዘገየ ሣጥኑ በቃሊቲ ጉምሩክ በር ላይ ይቆማል። ሰነዱ ከጠፋ ደግሞ ሣጥኑ ቢደርስም ስለ ይዘቱ የሚመሰክር አይኖርም። የሶፍትዌር ኮንቴይነር ስሙን ከዚሁ ሣጥን ሲወርስ ጥያቄውንም አብሮ ወርሷል፦ የሥራው ምስክር የሆነው ምዝግብ ወደ ማከማቻው መድረስ ሲያቅተው ሥራው ይቁም ወይስ ምዝግቡ ይቅር?

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ምዝግብ ከኮንቴይነር ወጥቶ ወደ ማከማቻ የሚደርስበት መንገድ እንደ ተራ የቴክኒክ ዝርዝር ተቆጥሮ ለመሣሪያው ነባሪ ቅንብር ሊተው አይገባውም። ምን ቢጠፋ እንታገሣለን፣ ምንስ ፈጽሞ ሊጠፋብን አይገባም የሚለው የተቋም ውሳኔ ነው። ነባሪዎቹን የመረጡት ባለሙያዎች ሲመርጡ ያሰቡት ስለ እኛ መስመርና ስለ እኛ መብራት አይደለም፤ ሊያስቡም አይገደዱም። ማሰቡ የእኛ ድርሻ ነው።

ምዝግቡ የሚያልፍበት መንገድ

ዶከር ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሄሮኩ ባለሙያዎች ያወጡት፣ አሥራ ሁለት ነጥቦችን የያዘው የአፕሊኬሽን አሠራር መመሪያ፣ አንድ አፕሊኬሽን ምዝግቡ የት እንደሚቀመጥ ሊጨነቅ አይገባውም የሚል መርሕ አስቀምጦ ነበር። አፕሊኬሽኑ እያንዳንዱን ክስተት በመስመር በመስመር ወደ መደበኛ ውጽዓት ይጽፋል፤ መሰብሰቡ፣ ማስተላለፉና ማከማቸቱ የአካባቢው ሥራ ነው። መርሑ ለአፕሊኬሽን ጸሐፊው ትልቅ እፎይታ ሰጥቷል። ሸክሙ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ትከሻ ተዛወረ እንጂ። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2015 በ1.6 እትሙ ሎጊንግ ድራይቨር የሚባለውን ክፍል ሲጨምር ሸክሙን የሚቀበለው ትከሻ ስም አገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የጻፈው መስመር ሊኑክስ በሚያቀርበው ፓይፕ ውስጥ ይገባል። በፓይፑ በሌላኛው ጫፍ ዶከር መስመሩን አንብቦ ለተመረጠው ድራይቨር ያቀብላል። ድራይቨሩ ወይ እዚያው ዲስክ ላይ ይጽፈዋል፣ ወይም በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ይልከዋል። ጄሰን ፋይል፣ ሎካል፣ ጆርናልዲ፣ ሲስሎግ፣ ፍሉዌንትዲና ሌሎችም ድራይቨሮች አሉ። ማንም ምንም ካልመረጠ የሚሠራው ጄሰን ፋይል ነው።

ከድራይቨሩ ምርጫ ሌላ አንድ ቅንብር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ይህም የአላላክ ስልቱ ነው። ነባሪው አጋጅ ስልት ነው፦ ድራይቨሩ መስመሩን ተቀብሎ እስኪጨርስ ድረስ ዶከር ቀጣዩን አያነብም። ፓይፑ ሲሞላ መስመር ለመጻፍ የሞከረው ፕሮግራም ራሱ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛው የማያግድ ስልት ነው፦ በዶከርና በድራይቨሩ መካከል በማስታወሻ ውስጥ የተቀመጠ ማቆያ ቋት ይኖራል፤ ፕሮግራሙ አይጠብቅም፤ ቋቱ ሲሞላ ግን አዲስ የሚመጡት መስመሮች ይጣላሉ። መጣላቸውን ለፕሮግራሙ የሚነግረው የለም።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በሰከንድ 200 መስመር የሚጽፍ፣ እያንዳንዱ መስመር በአማካይ 300 ባይት የሆነ አገልግሎት እንውሰድ። መጠኑ የተጋነነ አይደለም፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመዘግብ መካከለኛ አገልግሎት በቀላሉ ይደርስበታል። በሰከንድ 60,000 ባይት መሆኑ ነው። የሊኑክስ ፓይፕ በተለመደው ሁኔታ 64 ኪሎባይት ይይዛል። ስለዚህ በአጋጅ ስልት የሚሠራ፣ የራሱ ማቆያ የሌለው ድራይቨር ተቀባዩ ጋር መድረስ ቢያቅተው ፕሮግራሙ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል። ደንበኛው የሚያየው የማይንቀሳቀስ ገጽ ነው። የቆመበትን ምክንያት በምዝግቡ ውስጥ የሚፈልግ ባለሙያም አያገኘውም፤ የቆመው መመዝገቢያው ራሱ ነውና።

ወደማያግደው ስልት ብንዞር ነባሪው ቋት 1 ሜጋባይት ነው። በተጠቀሰው ፍጥነት የሚበቃው ለ17 ሰከንድ ያህል ነው። ራውተር ጠፍቶ እስኪነሳ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ደግሞም ቋቱ በማስታወሻ ውስጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች፣ ማለትም ለምርመራ በጣም የሚፈለጉት፣ ከማንም ቀድመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

በአማርኛ ለሚመዘግብ ሥርዓት ስሌቱ ይበልጥ ይጠብቃል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ብቻ። ከላይ ያልነው 300 ባይት መስመር በአማርኛ ሲጻፍ 100 ፊደል ብቻ ነው። ዶከር አንድን መልእክት ከ16 ኪሎባይት በላይ ሲሆን ይከፋፍለዋል፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ 5,461 ፊደል ላይ ሲደረስ የሚመጣ ገደብ ነው። ይህን የምለው በአማርኛ አትመዝግቡ ለማለት አይደለም። ቋት ሲሰፈር በቁምፊ ሳይሆን በባይት ይሰፈር ለማለት ነው።

ሁለት ጠርዝ ያለው ነባሪ

የማያግደው ስልት ከነጉድለቱ ቢታወቅም፣ በእኔ እምነት ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ከዚያ ይልቅ ጸጥ ያለው ነባሪ ነው። ጄሰን ፋይል ያለ ተጨማሪ ቅንብር ሲሠራ የፋይሉ መጠን ገደብ የለውም። ለእያንዳንዱ መስመር የጊዜ ማኅተምና የጄሰን ልብስ ስለሚጨምርበት 300 ባይቱ ወደ 370 ያድጋል። ይኸው አገልግሎት በቀን ከ6 ጊጋባይት በላይ ይጽፋል ማለት ነው። 100 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ያለው ዲስክ በ16 ቀን ገደማ ይሞላል። ዲስኩ ሲሞላ የሚቆመው ምዝግቡ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ዲስክ ላይ ያለው የመረጃ ቋትም መጻፍ ያቅተዋል። በአቃቂ በሰቃ አካባቢ ባየሁት አንድ ድርጅት የመጋዘን መዝገቡ ሥራ ያቆመው በዚሁ መንገድ ነበር። ለሁለት ቀን ያህል ጥፋቱ በኔትወርኩ ሲሳበብ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ዲስኩን የሞላው አንድ ኮንቴይነር ለወራት ሳይገደብ የጻፈው ፋይል ሆኖ ተገኘ።

የዶከር ሰነድ ራሱ በዚህ ምክንያት ሎካል የሚባለውን ድራይቨር እንድንመርጥ ይመክራል። ሎካል ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር 20 ሜጋባይት የሚይዙ 5 ፋይሎችን ብቻ እያፈራረቀ ያስቀምጣል፤ በድምሩ 100 ሜጋባይት። ዲስኩ ተረፈ። ነገር ግን በምሳሌያችን ፍጥነት 100 ሜጋባይት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሌሊት የወደቀ አገልግሎት እንደገና ተነሥቶ መጻፉን ከቀጠለ፣ ባለሙያው ጠዋት ሲደርስ የውድቀቱ ምክንያት በአዲስ መስመር ተሸፍኗል። በኩበርኔቲስ ደግሞ ጠበቅ ይላል፤ ነባሪው ለአንድ ኮንቴይነር 10 ሜጋባይት የሚይዙ 5 ፋይሎች ናቸው። ይህ በዚሁ ፍጥነት ሩብ ሰዓት አይቆይም። ምዝግብ ለማየት የምንጠቀምበት የተለመደው ትእዛዝም የሚያሳየው የመጨረሻውን ፋይል ብቻ ነው።

እንግዲህ አንዱ ነባሪ ዲስክ እስኪሞላ ይጽፋል፤ ሌላው ከግማሽ ሰዓት በላይ አያስታውስም። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም። ሁለቱም የእኛን የሥራ ሰዓት አያውቁም እንጂ። ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ የወጣ ባለሙያ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይመለሳል፤ 63 ሰዓት ነው። የዓርብ ማታን ችግር ሰኞ ለማየት፣ በምሳሌያችን ፍጥነት፣ ወደ 17 ጊጋባይት ያስፈልጋል፤ በጄሰን ፋይል ድራይቨር እያንዳንዳቸው 100 ሜጋባይት የሆኑ 170 የሚጠጉ ፋይሎች ማለት ነው። ማመቅ ሲፈቀድ የሚይዘው ቦታ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ያሰፈረ ተቋም የሚመርጠው ሁለት ነገር አለው፦ ወይ ቦታውን ይመድባል፣ ወይም የሚጻፈውን ይቀንሳል።

መቀነሱን ብዙዎች ይዘነጉታል። የአባ ሳሙኤል ግድብ ከአቃቂ በሰቃ ሩቅ አይደለም፤ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራ የሀገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። የግድብ ቋት የሚይዘው ውኃ ሲገነባ በተሰላው ልክ ሳይሆን ደለል ባልያዘው ልክ ነው። የማረሚያ ደረጃ መልእክቶችን ሳይዘጋ ወደ ሥራ የገባ አፕሊኬሽንም ቋቱን በደለል ይሞላል፤ የጤንነት ፍተሻ በየ5 ሰከንዱ «ደኅና ነኝ» ሲል የሚጽፈው መስመር ብቻውን በቀን 17,280 ጊዜ ይደጋገማል።

በቀጥታ ወደ ሩቅ መላክ

ዲስክን ከመጠበቅ ይልቅ ምዝግቡን በቀጥታ ወደ ማዕከላዊ ሰብሳቢ እንላከው የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ማራኪ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ይገኛል፤ ማሽኑ ቢቃጠል እንኳ ምዝግቡ ይተርፋል። የምቃወመው ግቡን ሳይሆን ቀጥታውን ነው።

የፍሉዌንትዲ ድራይቨርን እንመልከት። ኮንቴይነሩ ሲነሳ ሰብሳቢው ጋር መገናኘት ካልቻለ፣ ያልተመሳሰለ ግንኙነት የሚፈቅደው አማራጭ ካልተሰጠው በቀር፣ ኮንቴይነሩ ወዲያው ይቆማል። አሁን መብራት ጠፍቶ የመጣበትን ጠዋት እናስብ። ሁሉም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ሰብሳቢው ያለበት ማሽን ከባዱ ስለሆነ የሚነሣው ዘግይቶ ነው። አገልግሎቶቹ ቀድመውት ደርሰው ሲያጡት ይወድቃሉ። የክፍያ አገልግሎቱ ጤነኛ ነው፤ የመረጃ ቋቱ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የሚመዘግብለት ብቻ ነው፤ ግን ደንበኛ አይስተናገድም። ጸሐፊ አልመጣምና ችሎት አይከፈትም እንደማለት ነው። ለችሎት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለዳቦ ሽያጭ ግን አይደለም። ሲስሎግን በዩዲፒ የላከ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያገኛል፦ ማንም አይጠብቅም፣ የጠፋውንም ማንም አያውቅም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2025 ኢሲኤስ በተባለው የኮንቴይነር አገልግሎቱ ነባሪውን ከአጋጅ ወደማያግድ ስልት ለውጧል፤ ቋቱንም 10 ሜጋባይት አድርጎታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ምዝግብ መድረስ ስላቃተው ብቻ ሥራ መቆም የለበትም። ታዲያ እኛስ ለምን ዝም ብለን አንከተልም? የእኔ መልስ፣ ውሳኔው ለእነሱ ትክክል ነው፤ ሲገለበጥ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እዚያ ላኪውና ተቀባዩ በአብዛኛው በአንድ የመረጃ ማዕከል ክልል ውስጥ ናቸው፤ መቋረጥ ሲያጋጥም በሰከንዶች የሚሰላ ነው። 10 ሜጋባይት በምሳሌያችን ፍጥነት ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ከአቃቂ በሰቃ ፋብሪካ ወደ መሀል ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ሰርቨር የሚላክ ምዝግብ የሚጠብቀው መቋረጥ በሰዓት ሊሆን ይችላል። የሰዓታትን መቋረጥ በማስታወሻ ቋት መሸፈን ደግሞ ዋጋው ውድ፣ ዋስትናው ደካማ ነው።

በአጋጁ ወገን ያሉትም፣ በተለይ የኦዲትና የቁጥጥር ባለሙያዎች፣ «አንድም መስመር አይጥፋ፤ ስለዚህ ይታገድ» ይላሉ። ስጋታቸው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን ያሰቡትን አያደርግም። አጋጅ ስልት በፓይፑ ውስጥ ያለውንና በድራይቨሩ እጅ ያለውን መስመር ከመብራት መጥፋት አያድነውም። ያገኙት አገልግሎቱን ማቆም እንጂ መስመሩን ማትረፍ አይደለም።

የማቀርበው አማራጭ አዲስ ግኝት አይደለም፤ መስመሩ መጀመሪያ እዚያው ማሽኑ ዲስክ ላይ፣ በተገደበ መጠን፣ ይጻፍ። ከዚያ ራሱን የቻለ አስተላላፊ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ፍሉዌንት ቢት፣ ፋይሉን እያነበበ ወደ ማዕከል ይላክ። አስተላላፊው የት ድረስ እንዳነበበ በዲስክ ላይ ስለሚመዘግብ መስመሩ ሲቋረጥ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ያልተላከውንም በማስታወሻ ብቻ ሳይሆን በዲስክ ማቆየት ይቻላል። የፋይሉ ገደብ ከተለካው የመስመር ፍጥነትና ከሚጠበቀው ረጅሙ መቋረጥ ብዜት ይወሰናል። በዚህ አደረጃጀት መስመሩ ሲቋረጥ አገልግሎቱ አይቆምም፤ ፕሮግራሙን ሊያቆመው የሚችለው የገዛ ዲስኩ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ከታመመ ደግሞ አገልግሎቱም ቢሆን ጤነኛ ነኝ ማለት አይችልም።

ገንዘብና ምዝግብ

ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር ይታወሳል። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቆ፣ ገንዘቡን የወሰዱት እንዲመልሱ ጠይቆ፣ ያልመለሱትን በስም ይፋ እስከማድረግ ደርሷል። ዩኒቨርሲቲዎችም ለተማሪዎቻቸው ማሳሰቢያ ማውጣታቸውን አንባቢዎች ያስታውሳሉ። ባንኩ ኮንቴይነር ይጠቀም አይጠቀም ለክርክሬ አያስፈልግም። የሚያስፈልገኝ አንድ ነጥብ ነው፦ ገንዘቡን ማስመለስ የተቻለው እያንዳንዱ ወጪ በማን ሒሳብ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ስለተረፈ ነው። በዚያ ሌሊት መዝገቡ «ቋቱ ሞልቷል» ብሎ መስመር ቢጥል ኖሮ ተበዳሪውን ከአበዳሪው የሚለይ አይኖርም ነበር።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ ለአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ የማይዋጥ ነው። የገንዘብና የመብት መዝገብ በኮንቴይነር ምዝግብ መንገድ ፈጽሞ ማለፍ የለበትም፤ በአጋጅም ሆነ በማያግድ። ቦታው የመረጃ ቋቱ ነው፤ ሒሳቡን በሚቀንሰው በዚያው ግብይት ውስጥ አብሮ ይጻፍ፤ ወይ ሁለቱም ይጽደቁ ወይ ሁለቱም ይሰረዙ። ወደ መደበኛ ውጽዓት የሚጻፈው መስመር የምርመራ ረዳት ነው፤ ውል አይደለም። ይህ ልዩነት አንዴ ከተሰመረ የአላላክ ስልቱ ክርክር ግማሹ ይቀልላል፤ የቀረው ምዝግብ ጥቂቱ ቢጠፋ የምንታገሠው ይሆናልና።

ሕጉም ድርሻ አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ማን ከየት፣ ወዴትና መቼ እንደተገናኘ የሚናገረው ይህ ዳታ በኮንቴይነር ምዝግብ ብቻ የሚገኝ ከሆነና ምዝግቡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሌላ የሚሸፈን ከሆነ፣ ቅንብሩ የሕግ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥር ሳይሸፈን ወደ ምዝግብ የሚጽፍ፣ ያንንም ወደ አምስት ቦታ የሚልክ ሥርዓት፣ ብዙ ባቆየ ቁጥር ብዙ ይጠየቃል። ስለዚህ «ሁሉንም ለዘላለም እናስቀምጥ» መውጫ አይደለም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር

ከላይ «ለመጋቢት 7 አጥቢያ» ብዬ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። የጥበቃ ሠራተኛው በመዝገቡ «ለመጋቢት 7 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ጠፋ» ብሎ ቢጽፍ፣ የማሽኑ የአገር ውስጥ ሰዓት ማርች 16 ቀን 2:00 ይላል። ዶከር በጄሰን ፋይሉ ላይ የሚያትመው ግን የዩቲሲ ሰዓት ስለሆነ ማርች 15 ቀን 23:00 ይሆናል። ሦስቱም ስለ አንድ ቅጽበት ይናገራሉ፤ በሰዓትም በቀንም አይገጥሙም። ጠባቂው አጥቢያ የሚለውን ቃል ከተወው ደግሞ የትኛው ሌሊት እንደሆነ እንኳ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመዘገበው አሮጌው የሲስሎግ ቅርጽ ዓመትንም የሰዓት ክልልንም አይጽፍም፤ ይህን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቅርጽ ነው። አሮጌውን ቅርጽ በአገር ውስጥ ሰዓት እየጻፈ፣ ወደ ሌላ የሰዓት ክልል ሰርቨር የሚልክ ተቋም፣ መስመሩ ሳይጠፋበት ትርጉሙ ይጠፋበታል። ማሽኑ በዩቲሲ ይጻፍ፤ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር መለወጥ ያለበት ሰው በሚያየው ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ለጥናቶቻችን ምን ማለት ነው

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቻችን የኮንቴይነር አገልግሎቶችን ፍጥነት፣ የምላሽ ጊዜና የመሸከም አቅም እንለካለን። ለእኛ የአላላክ ስልቱ ከአሠራር ጉዳይነት አልፎ የልኬት ትክክለኛነት ጉዳይ ነው። በአጋጅ ስልትና በጄሰን ፋይል የሚሠራ አገልግሎት ጭነቱ ሲጨምር የሚጽፈው መስመር ይጨምራል፤ ዲስኩ ዘገምተኛ ከሆነ ፓይፑ ይሞላል፤ የምላሽ ጊዜው ይረዝማል። ተመራማሪው አልጎሪዝሙን የለካ ይመስለዋል፤ የለካው ዲስኩን ነው። ሁለት አሠራሮችን የሚያነጻጽር ጥናት ላይ አንደኛው ከሌላው በእጥፍ የሚመዘግብ ከሆነ የተገኘው ልዩነት ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል? ወደማያግድ ስልት መቀየሩም ብቻውን አይፈታውም፤ ውጤቱን ከምዝግቡ እየቆጠርን ከሆነ የተጣሉት መስመሮች በቁጥራችን ውስጥ የሉም። ከዚህም በላይ የሚጣሉት ጭነቱ ከፍ ባለበት ቅጽበት ስለሆነ፣ የጎደለው በዘፈቀደ የጎደለ አይደለም። ጥናቱ በጣም ሊያየው የፈለገው ክፍል ነው።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በዶከር አጠቃላይ የቅንብር ፋይል ላይ ድራይቨሩን ወይም ስልቱን የለወጠ ሰው ዶከርን እንደገና ቢያስነሣም ለውጡ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ብቻ ነው። ነባሮቹ በተፈጠሩበት ቅንብር ይቀጥላሉ። ስለዚህ በሙከራው ገጽ ላይ መጻፍ ያለበት በቅንብር ፋይሉ ላይ ያለው ሳይሆን ከራሱ ከኮንቴይነሩ ተመርምሮ የተገኘው ነው። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን የአንጎለ ኮምፒውተሩን ዓይነት፣ የማስታወሻውን መጠንና የሶፍትዌሩን እትም በሠንጠረዥ ያሰፍራሉ፤ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ የድራይቨሩ ስም፣ የአላላክ ስልቱ፣ የቋቱ መጠንና በሰከንድ የተጻፈው ባይት አራት ረድፍ ቢጨመሩ ገምጋሚው ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልስ ያገኛል።

ሊለካ የሚገባው ሌላው ነገር መቋረጡ ራሱ ነው። ከላይ ያቀረብኩት ስሌት «የሚጠበቀው ረጅሙ መቋረጥ» የሚል አንድ ክፍት ቦታ አለው። ይህን ቁጥር ከሌላ አገር ጽሑፍ ልንዋሰው አንችልም። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ባሉ ጥቂት ቦታዎች፣ በፋብሪካ፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት፣ በየ10 ሰከንዱ መስመሩንና መብራቱን እየፈተሸ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ፣ ክረምቱና በጋው የየራሳቸውን ስርጭት ይሰጡናል። የመሣሪያው ዋጋ ለአንድ የማስተርስ ጥናት ከባድ አይደለም። ውጤቱን በባይት አባዝቶ ወደ ቋት መጠን መለወጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።